ምርመራና ሃይማኖት
ልጆቻችን ስለሚያነቡት ልብ ወለድ

ወላጆች ብዙ ጊዜ፥ «ልጄ መነኮሳት ሲገደሉ የሚተርክ ልብ ወለድ ያነባል፤ ሃይማኖቱን ያጠፋበት ይሆንን?» ብለው ይጠይቁናል። እኛም ከመንቀፍ አስቀድሞ መጽሐፉን መመርመር ይገባል እንላለን።

ከእንዲህ ያሉት መጻሕፍት ስመ ጥር የሆነው፥ ጣሊያናዊው ኡምቤርቶ ኤኮ በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «የጽጌረዳው ስም» ነው። ታሪኩ በ1327 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢጣልያ በአንድ ገዳም እንደ ተፈጸመ ሆኖ ተደርሷል። መነኮሳት በየተራ ይሞታሉ፤ አሟሟታቸውም በዮሐንስ ራእይ የተነገሩትን መለከቶች የተከተለ ይመስላል። መርማሪው መነኩሴ ዊልያም ሳይቀር በዚህ ምልክት ይመራል። በፍጻሜው ግን የመለከቶቹ ሥርዐት አጋጣሚ ሆኖ ይገኛል፤ የጥፋቱም ሥር ሃይማኖትን የጠበቀ መስሎት መጽሐፍን ከሰው የሸሸገ ልብ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለስሜን ሰዎች እንግዳ አይደለም። ደጃዝማች ውቤ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ ድል አድርገው በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ሲነግሡ፥ ስማቸውን ቴዎድሮስ አሰኙ። ፍካሬ ኢየሱስ በዚህ ስም የሚጠራ የሰላም ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራልና፥ ሕዝቡም ይጠባበቀው ነበር። ዘመናቸው ግን ከጦርነት ሳያርፍ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ተፈጸመ። ይህን ማለታችን የንጉሡን ታላቅነት ወይም የአባቶችን ተስፋ ለማቃለል አይደለም፤ ሰው የተመኘውን ከምልክት ጋር ማስማማት እንደሚቀናው ለማሳየት ነው እንጂ።

እንግዲህ እምነትና ጭፍን እምነት በምን ይለያሉ? የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር አንዱን ምሥጢር ተናግሮ ሲያበቃ፥ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል። ቶማስም ካልዳሰስሁ ባለ ጊዜ ጌታችን ቁስሉን አሳየው እንጂ አላባረረውም። እውነተኛ እምነት ጥያቄን አይፈራም፤ ጭፍን እምነት ግን ጠያቂውን እንደ ጠላት ይቈጥራል።

ልዩነቱም የሕይወትና የሞት ነው። ፈውስ በጸበል ብቻ ነው ተብለው የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒታቸውን የተዉ ሕሙማን ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ግን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር መውሰድ እንደሚገባ በይፋ አስተማሩ። ጸበሉ አልተነቀፈም፤ የተነቀፈው ሳይመረመር የታመነው ወሬ ነው።

ስለዚህ፥ ውድ አንባብያን፥ መጽሐፉን ዕድሜው ከደረሰ ልጃችሁ እጅ አትንጠቁ። አብራችሁ አንብቡ፤ በየምዕራፉም «ይህን በምን ዐወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህን ጥያቄ በልብ ወለድ የለመደ ልጅ፥ ነገ «ሕልም አየሁልህ» የሚል አሳች ሲመጣበት ያነሣዋል።