ያውቁ ኖሯል? ሙቀት የሙዚቃ ኪቦርድን ዕድሜ ያሳጥራል

በኪቦርድ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግምት በግማሽ ያጥራል። በአዋሽ ሸለቆ ባሉት በአፋምቦና በሰመራ ደግሞ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ስለዚህ በአካባቢው ኪቦርድን በቆርቆሮ ቤት ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ትልቅ ጥፋት ነው።

አቧራም አለ። በቁልፎቹ ሥር ያለው የጎማ ንክኪ ሲቆሽሽ አንዱ ኖታ ይጠፋል፣ ሌላው ሳይታሰብ ይጮኻል። ብዙ ሰው ያኔ «ተቃጠለ» ብሎ ይጥለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጎማውን ፈትቶ ማጽዳት ይበቃል።

ባትሪም እንዲሁ ያሳስታል። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ዝነኛው ያማሃ ዲኤክስ 7 ኪቦርድ ባለቤቱ ያስቀመጣቸውን ድምፆች የሚይዘው በውስጡ ባለች ትንሽ ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስታልቅ ድምፆቹ ይጠፋሉ፤ መሣሪያው ግን ደህና ነው።

 

ኪቦርድ ካለዎት በጨርቅ ይሸፍኑት፤ መብራት ሲጠፋም ወዲያው ከሶኬት ይንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ብሎ የሚገባው ኃይል ሊያቃጥለው ይችላልና።