ለቦሎቄው ሁለት ክንድ

በቆሎና ቦሎቄን አሰባጥሮ መዝራት ከሐረርጌ ተራሮች እስከ ሲዳማና ሐላባ ማሳዎች የኖረ ሥራ ነው። ጥቅሙን ለገበሬ ማስተማር አያስፈልግም፤ ዝናቡ ቀድሞ ቢያቋርጥና በቆሎው ባያፈራ እንኳ፣ በሦስት ወር ገደማ የሚደርሰው ቦሎቄ ቤት ይገባል። ስለ ዘሩ ዓይነትና ስለ ማዳበሪያው መጠን ብዙ ይወራል። ስለ መስመሩ አቀማመጥ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

«ቦሎቄ ለበቆሎ ማዳበሪያ ነውና ሥሩ አጠገብ ይዘራ» የሚለውን ምክር ከባለሙያ አፍ ሳይቀር ሰምቻለሁ። ልክ አይደለም። ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዙት በቦሎቄው ሥር እባጮች ውስጥ የሚኖሩት ሪዞቢየም ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የያዙትን አብዛኛውን የሚወስደውም ራሱ ቦሎቄው ነው። በዚያው ክረምት ወደ በቆሎው የሚሻገረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ማሳው የሚጠቀመው ቅጠሉና ሥሩ እዚያው ሲበሰብስ፣ ለሚቀጥለው ሰብል ነው። ከነሥሩ ተነቅሎ አውድማ ከሄደ፣ ገለባውም ለከብት ከዋለ፣ ያም ይቀንሳል። ደግሞም ቦሎቄ ናይትሮጅን በመያዝ ከባቄላ ያነሰ ነው።

ይባስ ብሎ የበቆሎው ጥላ ቦሎቄውን ይጎዳዋል። ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራውን ስኳር ነው። ሐላባ አንድ ማሳ ላይ «ጋሼ፣ እስቲ ከዳሩ አንድ፣ ከመሃሉ አንድ ይንቀሉልኝ» ብዬ ባለማሳውን ለመንኳቸው። የዳሩ ቦሎቄ እባጮች ደንደን ያሉ ናቸው፤ በጥፍሬ ስሰነጥቃቸው ውስጣቸው ሮዝ ነው፤ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። በበቆሎ ጥላ ሥር የበቀለው ጥቂት ጥቃቅን እባጮች ብቻ ነበሩት፤ ውስጣቸውም ወደ አረንጓዴ ያደላ ነጭ። እሳቸውም ሁለቱን ሥሮች አስተያይተው «ታዲያ በቆሎውን ላሳሳው?» አሉኝ።

ማሳሳት አያስፈልግም። በተለመደው አዘራር የበቆሎ መስመሮች በ75 ሳንቲ ሜትር፣ ተክሎቹ በ30 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ ቦሎቄው መሃል ላይ በአንድ መስመር ይገባል። በምዕራብ ኬንያ «ምቢሊ» በሚል ስም የተዋወቀው አዘራር ደግሞ መስመሮቹን ጥንድ ጥንድ ያደርጋቸዋል። ሁለቱ የበቆሎ መስመሮች በ50 ሳንቲ ሜትር ይቀራረባሉ፤ ክንድ ያህል ማለት ነው። ከዚያ ሁለት ክንድ፣ አንድ ሜትር፣ ክፍት ይተውና ሁለት የቦሎቄ መስመሮች በ33 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይዘሩበታል። 50 እና 100 ሲደመሩ 150 ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ያው 75። በሄክታር 44 ሺህ ገደማ የነበረው በቆሎ አንድም አልጎደለም። ቦሎቄውም ከቅርቡ በቆሎ ያለው ርቀት ብዙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በሁለት ወገን ታጥሮ የነበረው አሁን በአንድ ወገን ብቻ መታጠሩ ነው። በሌላው ወገን ጎረቤቱ እንደ እሱ አጭር ቦሎቄ ስለሆነ ብርሃን ያገኛል።

ቦሎቄን በበቆሎ መሃል በብተና የምትዘሩ ግን እባካችሁ ተዉ፤ አረም ለማውጣት እንኳ እግር የሚያርፍበት ቦታ አይተርፍም። ሽልሻሎም ከታሰበ ቦሎቄ ባለበት በሬ አይገባምና አረሙ በእጅ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። የሚሳበውን ዘር ትታችሁ ቁጥቋጦውን ምረጡ፤ ሐረጉ አገዳውን ጎትቶ ይጥለዋል። በቆሎው ጉልበት ከደረሰ በኋላ የሚዘራ ቦሎቄ አበባ የሚያወጣው ጥላ ውስጥ ነውና፣ እርጥበቱ ከበቃ ሁለቱም በአንድ ቀን ይዘሩ። ለልኬቱ በየክንዱ የተቋጠረ ገመድ ይበቃል።