የሴት ኪሎና የሌሊት እንቅልፏ

ሴት ኪሎ ስትጨምር ምክሩ ሁሉ ስለ ገበታዋ ነው። ዳቦ ቀንሺ፣ ስኳር ተዪ፣ እራት በጊዜ ብዪ ትባላለች። እንቅልፏ እንዴት እንደሆነ የሚጠይቃት ግን ጥቂት ሰው ነው። ይህ መታረም ያለበት ጉድለት ነው፤ ረሃብንና ጥጋብን የሚያዙት ሆርሞኖች በእንቅልፍ መጠን ይለዋወጣሉ፣ የሴቷ እንቅልፍ ደግሞ በተራው በሆርሞኖቿ ይናጋል።

ከእነዚህ ሆርሞኖች ሁለቱ በደንብ ይታወቃሉ። ሌፕቲን ከስብ ሴሎች ይመነጫል፤ ሰውነት በቂ ስንቅ እንዳለው ለአንጎል ይነግራል። እ.ኤ.አ. በ1994 ያገኘው በኒው ዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በጃፓን የተገኘው ግሬሊን ደግሞ በአብዛኛው ከጨጓራ ይመነጫል፤ ሥራውም ማስራብ ነው። በ2004 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ጤነኛ ወጣቶችን ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ አስተኟቸው። አሥር ሰዓት አልጋ ላይ ከቆዩባቸው ሌሊቶች ጋር ሲነጻጸር ሌፕቲን በ18 በመቶ ወርዶ፣ ግሬሊን በ28 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ወጣቶቹን በተለይ ያማራቸው ጣፋጭና ጨው የበዛበት ምግብ ነበር።

አሥራ ሁለቱም ወንዶች ነበሩ።

ውጤቱ ግን ለዓመታት ለሁሉም ሰው እንደሚሠራ ተደርጎ ሲጠቀስ ኖሯል። በ2012 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ማሪ ፒየር ሴንት ኦንጅና ባልደረቦቿ ሁለቱንም ጾታ አንድ ላይ መረመሩ። እንቅልፍ ሲቀነስ ወንዶቹ ላይ ግሬሊን ጨመረ፤ ሴቶቹ ላይ አልጨመረም። እነሱ ላይ ከሰዓት በኋላ የቀነሰው ጂኤልፒ 1 የሚባለው፣ ከአንጀት የሚመነጨውና ጠገብኩ የሚያሰኘው ሆርሞን ነው። ዛሬ ስሙ የገነነው ኦዜምፒክ የተባለው መርፌ የሚሠራው ይህንኑ ሆርሞን አስመስሎ ነው። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም የሚጠቁመው ትልቅ ነገር ነው፦ እንቅልፍ ያጣ ወንድ ይበልጥ ይርበዋል፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት ግን ቶሎ አትጠግብም።

በብዙ ሴቶች ላይ የተደረገ ክትትል ደግሞ በአሜሪካ ነርሶች ላይ ነበር። 68,183 ሴቶች ለ16 ዓመታት ክትትል ሲደረግባቸው፣ በቀን አምስት ሰዓትና ከዚያ በታች የሚተኙት ሰባት ሰዓት ከሚተኙት ይልቅ በአማካይ 1.14 ኪሎ የበለጠ ጨምረዋል። አማካዩ ትንሽ ይመስላል፤ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ የመጨመር ዕድላቸው ግን በ32 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። እንዲህ ያለው ክትትል ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም። ለዚህ ነው በ2023 የታተመው የሴንት ኦንጅ ቡድን ሙከራ ክብደት የሚሰጠው። ሴቶች ለስድስት ሳምንት እንቅልፋቸውን በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲቀንሱ፣ ሰውነታቸው የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን የመቋቋም ባሕርዩ ወደ 15 በመቶ ጨመረ፤ ካረጡት ላይ ከ20 በመቶ በላይ። ኪሎ ባይጨምሩም እንኳ ለውጡ ታይቷል።

የእንቅልፉ ጥራት ራሱ ከወር አበባ ዑደት ጋር ይለዋወጣል። እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚጨምረው ፕሮጀስትሮን ያረጋጋል፣ ያስተኛል፤ የሰውነትንም ሙቀት በትንሹ ከፍ ያደርጋል። የወር አበባ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው በድንገት ሲወርድ ግን ብዙ ሴቶች እንቅልፋቸው ይቆራረጣል።

ለቡና ወዳድ አገር የሚበጅ አንድ ነገር እዚህ ላይ መነሣት አለበት። አሥር ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የካፌይኑ ግማሽ ገና ደሙ ውስጥ ነው። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትውጥ ሴት ግን ካፌይንን የምታስወግድበት ጊዜ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል፤ ግማሹ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይቆያል። በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በአንድ ረከቦት ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል አንዷ ስታንጎላች ሌላዋ ዓይኗ ፈጥጦ የሚያድርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ማረጥ ሲመጣ ችግሩ ይደራረባል። ከመኝታዋ በድንገት ሙቀት ይቀሰቅሳታል፤ ጋቢውን ትገፋለች፣ በላብ የራሰውን የሌሊት ልብስ ትቀይራለች፣ ወዲያው ይበርዳታል። የኢስትሮጅን መቀነስ ስቡን ከዳሌ ወደ ሆድ ያዛውራል። በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመምም ከማረጥ በኋላ ይበዛል፤ ውፍረትም ያባብሰዋል። ይህ ሕመም ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ በከባድ ማንኮራፋት ሳይሆን በድካም፣ በጠዋት ራስ ምታትና በእንቅልፍ እጦት ስለሚገለጥ ጭንቀት ወይም ዕድሜ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሙሉ ሌሊት ተኝታ ደክሟት የምትውል ሴት ስለዚህ ጉዳይ ሐኪሟን በግልጽ መጠየቅ ይገባታል፤ ሕመሙ በምርመራ ከታወቀ የአየር መተላለፊያውን በግፊት ክፍት በሚያደርግ ጭንብል ይታከማል፣ ለሌሊቱ ሙቀትና ላብም መድኃኒት አለው።