ማሩን ሳይቀምስ የሚገዛ ሰው

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ካቺሲ ነው። ካቺሲን ለማታውቁት፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትሄዱ ጊንጪ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ፣ የጀልዱን ደጋ አልፋችሁ የምታገኟት የግንደበረት ወረዳ ከተማ ናት። ከእሷ ወዲያ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ልጁ ከገበሬ ማር እየሰበሰበ ይሸጣል። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ያሉ ገዢዎችን ላግኝ ብሎ ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ብዙ ሰው አየው፣ ጥቂት ሰው ጠየቀ፣ የገዛ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ደወለልኝ። «ማሩ እኮ ማር ነው፤ ሰዉ ምን ሆኖ ነው?»

ማስታወቂያውን ከፍቼ አነበብኩት። «የተፈጥሮ ንፁህ ማር!! 100% ኦርጅናል!! ለዋጋ ኢንቦክስ!!» ይላል። ፎቶው ከኢንተርኔት የወረደ ነው፤ ጎድጎድ ባለ የእንጨት ዘንግ ላይ ማር ይንጠባጠባል። እንዲህ ያለ ዘንግ በእኛ አገር ማር ቤት የለም፣ ገዢውም ይህን ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳዩ ከልቤ አልወጣም። በስልክ ዕቃ የምትሸጡም የምትገዙም ወዳጆቼ ብዙ ስለሆናችሁ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

እስቲ አንድ ሰው ገበያ ወርዶ ማር ሲገዛ አስቡት። የጀሪካኑን ክዳን ያስከፍታል። ያሸታል። በጣቱ ወይም በስንጥር ነክቶ ይቀምሳል። ዘንበል አድርጎ አወራረዱን ያያል። «መቼ የተቆረጠ ነው? የየት አገር ነው?» ይላል። ጀሪካኑን አንሥቶ ክብደቱን ይገምታል። ይህን ሁሉ ሳያደርግ ብሩን ከኪሱ አያወጣም። ስልክ ላይ ግን ጣት የለም፣ ምላስ የለም፣ አፍንጫ የለም። ያለው ጽሑፋችሁና ፎቷችሁ ብቻ ነው። ስለዚህ የማስታወቂያ ሥራው ዕቃውን ማሞገስ አይደለም፤ ገዢው በእጁና በምላሱ ያገኘው የነበረውን መልስ አስቀድሞ መስጠት ነው። እኔ የምለው ነገር ሁሉ ከዚች አንዲት ሐሳብ የሚወጣ ነው።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስላገለገሉ መኪኖች ገበያ ጽፎ ነበር። አሜሪካውያን ውጩ አምሮ ውስጡ የተበላሸ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መኪና ያንኑ መካከለኛ ዋጋ ነው የሚሰጠው። ያን ጊዜ ጥሩ መኪና ያለው ሰው «በዚህ ዋጋስ አልሸጥም» ብሎ ከገበያው ይወጣል፤ ገበያው ላይ የሚቀረው መጥፎው ነው። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። አሁን መኪናውን በማር ተኩት። ስኳር የተቀላቀለበት ማር እንዳለ አዲስ አበቤ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ «100% ኦርጅናል» የሚለው ቃል ምንም አይነግረውም፤ ስኳር የቀላቀለውም ያንኑ ነው የሚጽፈው። ውሸታም ሊጽፈው የማይችለውን፣ ወይም ቢጽፈው ወዲያው የሚጋለጥበትን ነገር መጻፍ አለባችሁ።

የእኛ አገር ለዚህ ችግር የሰጠው ትልቅ መልስ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ያመጣው ለውጥ በኋላ ቡና ላይ ጎልቶ ታየ። ከቡናው ናሙና ይወሰዳል፣ ተቆልቶ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይሰጠዋል። በዚህ መንገድ ገዢው ጆንያውን ሳያይ በደረጃው ስም መግዛት ጀመረ። ለካቺሲ ማር እንዲህ ያለ ቀማሽ በየቤቱ የለም። ቀማሹ ሻጩ ራሱ ነው፤ የቀመሰውን በትክክል መጻፍ የእሱ ፋንታ ነው።

እንግዲህ ወደ ማሩ እንግባ። መጀመሪያ ክብደት፣ ምክንያቱም ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ማሩን በሃይላንድ ጠርሙስና በጀሪካን ነው የሚሸጠው። «አንድ ሃይላንድ ይህን ያህል ብር» ሲል ገዢው በልቡ አንድ ኪሎ ብሎ ያስባል። ማር ግን ከውሃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። አምስት ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 7 ኪሎ፣ ሃያ ሊትሩ 28 ኪሎ ገደማ ነው። አያችሁ? ልጁ ለጠየቁት ሰዎች ዋጋውን በጠርሙስ ብቻ ስለነገራቸው ዕቃው ከሌላው የተወደደ መስሎ ነበር፤ በኪሎ ሲሰላ ግን ርካሽ ነው። ሊትሩንም ኪሎውንም አንድ ላይ ጻፉ። ጤፍ የምትሸጡ በኩንታል፣ ጨርቅ የምትሸጡ በሜትር፣ ገዢው ቤቱ ተቀምጦ ሊያሰላበት በሚችል መለኪያ ጻፉ።

ቀጥሎ መርጋት። የደጋ ማር ብርድ ሲነካው ይረጋል፣ እንደ ቅቤ ይጠጥራል። በማር ውስጥ ሁለት ዓይነት ስኳር በብዛት አለ፤ አንደኛው ግሉኮስ በቅዝቃዜ ጊዜ በቀላሉ ወደ ቅንጣት ይለወጣል። የተፈጥሮ ጠባዩ ነው። የከተማው ገዢ ግን የረጋ ማር ሲያይ «ስኳር አለበት» ብሎ ይመልሳል። የተቆጣ ገዢ ከካቺሲ ድረስ ዕቃ ሲመልስ ኪሳራው ለማን እንደሆነ አስቡ። መድኃኒቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «በብርድ ይረጋል፤ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ይመለሳል፤ እሳት ላይ አትጣዱት።» ይህች ዐረፍተ ነገር ሁለት ሥራ ትሠራለች። ስጋትን ታስወግዳለች፤ የጻፋትም ሰው ማርን ከልቡ የሚያውቅ እንደሆነ ትመሰክራለች።

የዕቃውን ጉድለት መናገር ብዙ ሰው ይፈራል። ጉድለቱን እያወቀ የሚገዛ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢቤይ የተባለውን የኢንተርኔት ገበያ የመሠረተው ፒየር ኦሚድያር በገበያው መጀመሪያ የሸጠው ዕቃ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ በ14.83 ዶላር። ገዢው መሰበሩን እንደተረዳ ለማረጋገጥ ሲጠይቀው፣ ሰውየው የተሰበሩ መጠቆሚያዎችን እንደሚሰበስብ መለሰለት። የእኛው ማር ከባህላዊ ቀፎ በጭስ ስለሚቆረጥ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል። ልጁ ይህን መደበቅ ፈልጎ ነበር። እኔ ግን ጻፈው አልኩት። ለልጆቿ ዳቦ ላይ ልትቀባ የፈለገች እናት ልትተወው ትችላለች። ጠጅ ጣይ ግን ጭሱም ሰፈፉም አያስጨንቃትም። እንዲያውም ሰፈፍ ያለውን ነው የምትፈልገው። ጉድለቱን ስትናገሩ የማይገዛው ሰው ቀድሞ ይሄዳል፣ የሚገዛው ይቀራል፤ የእናንተም የስልክ ካርድ ይተርፋል።

አሁን ወደ ትልቁ በሽታ። «ለዋጋ ኢንቦክስ»። ይህን ማን እንዳስለመደን አላውቅም፣ ግን ይጎዳናል። ሻጩ «ከጠየቀኝ አሳምነዋለሁ» ይላል። ገዢው የሚሰማው ሌላ ነው፦ «ፊቴን አይቶ ሊጠራብኝ ነው።» ደግሞም ጂጂን በመሰሉ የኢንተርኔት ገበያዎች ሰው ፍለጋውን በዋጋ ያጣራል፤ ዋጋ የሌለው ዕቃ ከማጣሪያው ውጭ ይወድቃል። ሕጉም ከገዢው ጎን ነው። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ አዝዟል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ከልክሏል። ዋጋው በየሳምንቱ ይለዋወጣል የምትሉ፣ ቀን ጨምሩበት፦ «የዚህ ሳምንት ዋጋ» በሉ። ማጓጓዣው በማን እንደሆነም እዚያው ይገለጽ።

ፎቶ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁለት ነገር ብቻ። የስልኩን ካሜራ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ የኪስና የእጅ ቅባት ፎቶውን ጉም ያስመስለዋል። ከዚያ ዕቃውን ጠዋት በር አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ብርሃን ላይ አስቀምጡ። የአክስቴ ልጅ ማሩን በብርጭቆ አድርጎ በሩ ላይ ሲያነሣው ወርቃማ ቢጫው ታየ፤ ቤት ውስጥ በአምፖል ያነሣው ግን ጥቁር ዘይት ይመስል ነበር። ሁለተኛው ፎቶ ጀሪካኑን ሚዛን ላይ አሳየ፣ ቁጥሩ ይነበባል። ሦስተኛው ቀፎው ነው። ሦስቱም ከየትም የወረዱ አይደሉም።

የቃል ምርጫ ደግሞ የምወደው ክፍል ነው። ለእኛ «ሀ»ና «ሐ» በድምፅ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስለተሰጠው «ሀ» እና «ሐ» እንደ «ሀ» እና «መ» የተለያዩ ናቸው። «ንጹሕ» የሚለውን ቃል ሰዎች ንጹሕ፣ ንፁህ፣ ንጹህ፣ ንፁሕ እያሉ ቢያንስ በአራት መንገድ ይጽፉታል። ተራ የቃል ፍለጋ አንዱን ሲያገኝ ሦስቱን ሊስት ይችላል። ቦታውም እንዲሁ ነው፤ ካቺሲ የሚል አለ፣ ካቺሴ የሚል አለ፤ ግንደበረትን አንዱ ገጥሞ ሌላው ነጥሎ ይጽፋል። ስለዚህ ሰው የሚፈልግበትን ተራ ስም አስቀድሙ፣ ሌላውን አጻጻፍ ከታች አንድ ጊዜ ጨምሩ። ለምዕራብ ሸዋ ገዢ ደግሞ በአፋን ኦሮሞም ጻፉለት፤ «ደማ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ማር» በሚለው አያገኛችሁም።

የቦታ ስም ከሁሉም ቅጽል ይበልጣል። ሸኖ ስንል ቅቤ ይታየናል። አምቦ ደግሞ ከነጭራሹ የውሃ ስም ሆናለች፤ ካፌ ገብቶ «አምቦ ስጪኝ» የሚል ሰው ከተማዋን እየጠራ እንደሆነ ልብ አይለውም። ግንደበረትም ስሟን ማርዋ ላይ ብታገኝ ምን አለበት?

ጊዜም አለ። የደጋው ዋናው ቆረጣ አደይና ኑግ አብበው ካበቁ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ሠርግ ደግሞ ጥር ነው፤ ጠጅ እስኪደርስ ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ጠጅ ጣዮች ማር የሚያፈላልጉት ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ ላይ ነው። ማስታወቂያው ያን ጊዜ ከፊታቸው መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ ይዘን ከልጁ ጋር ማታ በስልክ እየተነጋገርን አዲሱን ጻፍነው፦

«የግንደበረት (ካቺሲ) ማር። የዘንድሮ የኅዳር ቆረጣ፣ ከባህላዊ ቀፎ። ወርቃማ ቢጫ፣ ትንሽ የጭስ ሽታ አለው። ሁለት ዓይነት፦ ለጠጅ ከነሰፈፉ፣ ለቤት የተጣራ። በ5 ሊትር ጀሪካን 7 ኪሎ። በብርድ ይረጋል፤ ለብ ባለ ውሃ ይመለሳል። የዚህ ሳምንት ዋጋ በኪሎ ይህን ያህል ብር፣ ማጓጓዣው በእኛ። ሐሙስ በመኪና እንልካለን፤ ከፍታችሁ ቀምሳችሁ በቴሌብር ክፈሉ።»

የመጨረሻዋን መስመር እሱ ራሱ ነው የጨመራት፤ ከሁሉም የምትበልጠውም እሷ ናት። ስኳር የቀላቀለ ሰው «ቀምሳችሁ ክፈሉ» ለማለት አይደፍርም። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቅኩት፤ ዕቃው ሲያልቅ «ተሸጧል» ብለህ እዚያው ላይ ጻፍ አልኩት። ደውሎ «አልቋል» የተባለ ሰው ሁለተኛ አይደውልም።

አዲሱ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ለልጁ የመጀመሪያው መልእክት የመጣው ከአንዲት ጠጅ ጣይ ነው። ዋጋውን አልጠየቀችም። «ሐሙስ መኪናው ስንት ሰዓት ይገባል?» ነበር ያለችው።

እናንተም ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጡና የለጠፋችሁትን አንድ ማስታወቂያ ክፈቱ። «ለዋጋ ኢንቦክስ» የሚለውን አጥፉና ዋጋውን ጻፉ።