ጎልፍ ጂቲአይን ለትራክ ማዘጋጀት ከፍሬን ይጀምራል

እንደ ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ያለ ፈጣን የቤት መኪና በሥራ ቀን ሲመላለስ ቆይቶ አልፎ አልፎ ጀርመን ወደሚገኘው የኑርቡርግሪንግ ትራክ ሲገባ፣ ቀድሞ የሚፈተነው ሞተሩ ሳይሆን ፍሬኑ ነው። 20.8 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የትራኩ የሰሜን ዙር ላይ ከከፍተኛ ፍጥነት ደጋግሞ ፍሬን መያዝ ዲስኩን ያግላል፤ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይዘልቃል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ነገር ግን ከአየር እርጥበት ስለሚስብ አቅሙ እየወረደ ይሄዳል፤ ውሃ ለጠጣ ዘይት ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ልክ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል፣ መኪናውም አልቆም ይላል።

ስለዚህ ከማንኛውም የፈረስ ጉልበት ጭማሪ በፊት ዘይቱን መቀየርና ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራ ማስገጠም ይቀድማል። ሙሉ በሙሉ ለውድድር የተሠራ ሸራ ግን አይመከርም፤ ሳይሞቅ በደንብ ስለማይዝ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ አደገኛ ነው።

ከፍሬኑ ቀጥሎ ጎማዎች ይታያሉ፤ የፊቶቹ መኪናውን ስለሚጎትቱም ስለሚያዞሩም ጠርዛቸው ቶሎ ያልቃል። የንፋስ ግፊታቸው ሲሞቁ ይጨምራል፤ በየመሀሉ ይለካል፣ ወደ ቤት ከመመለስ በፊትም ጎማዎቹ ሲቀዘቅዙ ይስተካከላል። የመጨረሻው ዙር በዝግታ ይነዳል፤ ፍሬኑ እንደጋለ የእጅ ፍሬን አይያዝም።