ጌይን ቮልዩም አይደለም

ከነቀምቴ ተነስተው በኡኬና በአንገር ጉትን በኩል ጊዳ አያና ከሚደርሱት ሚኒባሶች መካከል ከወንበር ሥር ሰብዉፈር የጫኑ አሉ። ቴፑ ከመኪናው ጋር የመጣው ኦሪጅናሉ ነው። ይህ ነውር የለውም፤ ከስፒከር ሽቦው ላይ መስመር ወስዶ ለአምፕሊፋየሩ መስጠት ይቻላል። ፖዘቲቩ በፊውዝ አልፎ ከባትሪ፣ ነጌቲቩ ቀለሙ ከተፋቀ ቦዲ። ይህን ማንም ኤሌክትሪሺያን ያውቀዋል።

የምትበደለው አምፕሊፋየሩ ላይ ያለችው፣ በካቻቢቴ የምትዞረው ትንሿ ጌይን ናት። ድምፅ መጨመሪያ እየመሰለቻቸው እስከ ጥግ ያዞሯታል። ሥራዋ ግን ከቴፑ የሚመጣውን ቮልት ከአምፕሊፋየሩ አቅም ጋር ማጣጣም ነው። ዙሪያዋ የተጻፈውን ማንበብ ይበቃ ነበር፤ በብዙዎቹ ላይ ወደ ቀኝ በዞረች ቁጥር አሃዙ ይቀንሳል፤ ከ6 ቮልት ተነስቶ እስከ 0.2። ጥግ ላይ ያደረሳት ሰው አምፕሊፋየሩን «በ0.2 ቮልት ሙሉ አቅምህን አውጣ» ብሎታል። ከዚያ 4 ቮልት ሲመጣበት ከየት ያምጣ? የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል። ጫፉ ፈጽሞ የተቆረጠ ሞገድ የጤነኛውን እጥፍ ኃይል ስለሚሸከም 300 ዋት የተባለው ወደ 600 ሊጠጋ ይችላል። በዚያ ላይ የአንገር ሸለቆ ሙቀት አለ። የሰብዉፈሩ ኮይል ሲቃጠል «ፎርጅድ ሸጠልኝ» ተብሎ ነጋዴው ይሰደባል፤ ይህ ግፍ ነው።

«በጆሮዬ እለካለሁ» የሚሉም አሉ። ጆሮ የወፍራም ድምፅን መቆረጥ ቶሎ አይለይም፤ ቴስተር ይለያል። ሞተሩ ይነሳ፣ ሰብዉፈሩ ይነቀል፣ ቤዝ ቡስቱ ዜሮ ይሁን። በቴፑ የ50 ኸርዝ ድምፅ ይከፈት። 50 የምለው የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው፤ ርካሹም ቴስተር ይህን ለመለካት ስለተሠራ እዚህ ላይ ይታመናል። የአምፕሊፋየሩ 300 ዋት በሰብዉፈሩ 4 ኦም ሲባዛ 1200፣ የዚያ ስኩዌር ሩት 34.6 ነው። በአምፕሊፋየሩ መውጫ ላይ ቴስተሩ 34.6 ኤሲ ቮልት እስኪያሳይ ጌይኗ በዝግታ ትዙር። ሰብዉፈሩ 2 ኦም ከሆነና አምፕሊፋየሩ በዚያም 300 ዋት ከሰጠ 24.5 ላይ ይቆማል።

ኦሪጅናል ቴፕ አንድ አመል አለው፤ አንዳንዱ ቮልዩም ሲጨመር የበር ስፒከሮችን ለማዳን ቤዙን ራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ጌይኗ ከመነካቷ በፊት ቮልዩሙን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ ቴስተሩን ማየት ነው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ መውረድ ከጀመረ፣ ልኬቱ የሚወሰደው ከፍ ባለበት ላይ ነው።

ጊዳ አያና ላይ እንዲህ ያስተካከልኩለት ሹፌር «ቤዙን ገደልከው እኮ» አለኝ። የአሊ ቢራን ዘፈን ከፈትንበት፤ ቤዝ ጊታሩ ኖታ በኖታ ተለይቶ ሲወጣ ዝም ብሎ አዳመጠ። ረዳቶች ግን እጃችሁን ሰብስቡ፤ ቤዝ ያነሰ ሲመስላችሁ የሚነካው ቴፑ እንጂ ጌይኗ አይደለችም። ቴፑ ከተቀየረ ደግሞ ልኬቱ ከሀ ይጀመራል፤ የአዲሱ ቮልት የአሮጌው አይደለም።