ብሎን እንዴት ጥርስ ይሆናል?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት አካባቢ የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ቋሚው ተተክሎ ዙሪያው ከተጠቀጠቀ በኋላ አይነቀነቅም። የተነቀነቀ ቋሚ ጉድጓዱን ያሰፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ አፈር ቢጨመርበትም እንደ መጀመሪያው አይጠብቅም። ብዙዎች «ኢምፕላንት» የሚሉት የጥርስ ተከላም ከሞላ ጎደል በዚሁ ሕግ ነው የሚሠራው። «የሐኪሞች ጉዳይ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። በቁሶች ምህንድስና የድኅረ ምረቃ ጥናት ለምንሠራ ሰዎች ከዚህ የበለጠ የሚያስቀና የብሎን ሥራ የለም።

መጀመሪያ የራሳችሁን ጥርስ እንይ። ጥርስ አጥንት ውስጥ በቀጥታ የተቸነከረ ይመስለናል፤ አይደለም። በሥሩና በመንጋጋ አጥንቱ መካከል 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የጅማት ሽፋን አለ፤ ጥርሱ በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ይቻላል። ይህ ሽፋን እንደ መኪና ሞላ ግፊትን ያበርዳል፤ ስሜትም አለው። እንጀራ ስትበሉ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ስትገጥማችሁ መንጋጋችሁ ሳታስቡት ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው።

ጥርሱ ሲወልቅ ታዲያ የሚጠፋው ጥርሱ ብቻ አይደለም። አጥንት ሥራ ሲያገኝ ይጠነክራል፣ ሥራ ሲያጣ ይቀንሳል። የሚያኝክበት ጥርስ ያጣ የመንጋጋ ክፍል በወራት ውስጥ መሳሳት ይጀምራል፤ ጎረቤት ጥርሶችም ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ። ወልቆ የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ አጥንቱን ከመሳሳት አያድነውም። ድልድይ የሚባለው ደግሞ ግራና ቀኝ ያሉ ጤነኛ ጥርሶችን መሞረድ ይጠይቃል።

መፍትሔው የተገኘው ጥርስ ሲፈለግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የአጥንትን የደም ዝውውር ያጠና ነበር። በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ከታይታኒየም የተሠራ ትንሽ የመመልከቻ ዕቃ ቀበረ። ጥናቱ ሲያልቅ ዕቃውን ለሌላ ጊዜ ሊያወጣው ቢሞክር እምቢ አለው፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ አድጓል። እ.ኤ.አ. በ1965 የስዊድን ሰው ለሆነው ለጎስታ ላርሰን የመጀመሪያዎቹ የታይታኒየም ሥሮች ተተከሉለት፤ ላርሰን በ2006 እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ አገለገሉት። ያም ሆኖ የሙያው ሰዎች በሰፊው የተቀበሉት በ1982 ቶሮንቶ ላይ ከተደረገ ጉባኤ በኋላ ነው።

ለምን ታይታኒየም? ብረት ሲዝግ ዝገቱ እየተፈረፈረ ውስጡን ያጋልጣል። ታይታኒየምም «ይዝጋል»፤ ግን አየር በነካው ቅጽበት የሚፈጠረው የኦክሳይድ ሽፋን ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ሆኖ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። ሰውነት የሚያገኘው ይህንን እንደ ሸክላ ዝም ያለ ሽፋን ነው፤ ብረቱን አያገኘውም። ሁለተኛው ምክንያት ግትርነት ነው። የአይዝጌ ብረት ግትርነት 200 ጊጋፓስካል ገደማ ሲሆን፣ የታይታኒየም ወደ 110፣ የጠንካራው አጥንት ደግሞ 20 አካባቢ ነው። ብረቱ በጣም ግትር ከሆነ ሸክሙን ብቻውን ይዞ አጥንቱን ሥራ ያስፈታዋል። ሥራ የፈታ አጥንት ምን እንደሚሆን አይተናል።

ወደ ሥራው እንግባ። ሐኪሙ በመጀመሪያ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን አጥንቱ ምን ያህል ወፍራምና ጥልቅ እንደሆነ ይለካል። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ የከንፈርን ስሜት የሚሸከም ነርቭ ስለሚያልፍ ከእሱ መራቅ ግድ ነው። ከዚያ ቦታው ይደነዝዛል፣ ድዱ ይከፈታል፣ በቀጭን መሰርሰሪያ ተጀምሮ በየደረጃው እየሰፋ ይበሳል።

እዚህ ላይ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። አጥንት በ47 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ቢቆይ ሊጎዳ ይችላል። ሻይ እንኳ ከዚህ ይሞቃል! ስለዚህ ሲበሳ ሁሉ ጨዋማ ንጹሕ ውኃ ይፈስበታል፣ መሰርሰሪያውም ስለታም መሆን አለበት። ቀዳዳው ሲያልቅ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረትና 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ብሎን በዝግታ ይታሰራል። (ጋራዥ ውስጥ የብሎንን ጥምዝ «ጥርስ» እንደምንለው ታውቃላችሁ፤ ጥርስ ያለው ጥርስ ነው እንግዲህ።) የማሰሪያው ኃይል ብዙ ጊዜ 35 ኒውተን-ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ክንድ ላይ 3.5 ኪሎ እንደማንጠልጠል ማለት ነው። ከላላ ይወዛወዛል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ አጥንቱን ይጨፈልቃል።

ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር። በመጀመሪያው ቀን ብሎኑን የሚይዘው የጥምዙ ንክሻ ብቻ ነው። ሰውነት የተጎዳውን አጥንት መጀመሪያ ያነሳል፣ አዲሱን በኋላ ይሠራል። በዚህ መሃል፣ በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ብሎኑ ከተተከለበት ቀን ይልቅ የላላ ሊሆን ይችላል። ታካሚው ግን ሕመሙ ጠፍቶለት «በቃ ድኛለሁ» ብሎ ቆሎ የሚያነሳው ያኔ ነው። ብሎኑ ከ0.15 ሚሊ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ በአጥንት ፋንታ ለስላሳ ጠባሳ ይከበዋል፤ የተነቀነቀው ቋሚ ነገር። አጥንቱ በደንብ ከያዘ በኋላ አገናኝ ቁራጭ ይታሰርና ከላይ የጥርስ ቅርጽ ያለው የዚርኮኒያ ወይም የፖርሴሊን ክዳን ይገጠምበታል።

ብሎን በትል አይበላም፤ በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ይታመማል። ሲጋራና ያልተቆጣጠሩት ስኳር በሽታ ዋና አበላሾች ናቸው። የጅማት ሽፋን ስለሌለውም አሸዋዋን እንደ ጥርሳችሁ ቶሎ አይነግራችሁም። ዕቃው ከውጭ ስለሚገባ ርካሽ አይደለም፤ ያስተከለ ዘመድ ካላችሁ የብሎኑን ስምና መጠን በወረቀት ይቀበል። መፍቻው ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ከዓመታት በኋላ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ቢላላበት የሚያድነው ያ ወረቀት ነው።

ለእናንተ ዕድሜ ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ መንጋጋችሁ አድጎ ሳይጨርስ ብሎን አይተከልላችሁም። ጥርሶቻችሁ ከመንጋጋው ጋር አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ ብሎን ግን እዚያው ይቀራል። ሰፈር ውስጥ መንገዱ ከፍ ተደርጎ ሲሠራ በሩ ከአስፋልት በታች የቀረ ቤት አይታችሁ የለ? እንደዚያ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ቢያንስ 18 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ኳስ ሜዳ ላይ የጓደኛችሁ የፊት ጥርስ ከነሥሩ ቢወልቅ አትጣሉት። የወተት ጥርስ ከሆነ አይመለስም፤ ቋሚ ጥርስ ከሆነ ግን በነጩ በኩል ብቻ ያዙት፣ ሥሩን አትንኩ፣ አትፈግፍጉት። ከቆሸሸ በወተት ወይም ለጥቂት ሰከንድ በውኃ አለቅልቁትና ወደ ቦታው መልሱት፤ ጓደኛችሁ ጨርቅ በቀስታ ይንከስበት። ካልተቻለ ወተት ውስጥ ክተቱት፤ በውኃ ዘፍዝፎ ማቆየት ወይም በሶፍት መጠቅለል ሥሩ ላይ ያሉትን ሕዋሳት ይገድላል። ከዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ በደረሳችሁ ቁጥር ይሻላል፣ ቅርብ ወዳለው የጥርስ ሐኪም ሩጡ።